ጥቅምት ሠላሳን የማይቀበለው ማሽን

ችግሩ ሲያጥር ይህ ነበር፦ መስመሩ አለ፣ ገጹ ግን አይከፈትም።

ከዲማ ብዙም በማይርቅ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ያሉት ኮምፒውተሮች ከብዙ ጥበቃ በኋላ ኢንተርኔት አግኝተዋል። ኬብሎቹ የተሰኩበት ቦታ ላይ ያሉት አረንጓዴ መብራቶች ብልጭ ድርግም ይላሉ። ወደ ውጭ ጥያቄ ሲላክ መልስ ይመጣል። አንዳንድ ተራ ገጾችም ይከፈታሉ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች የሚፈተኑበት ፕሮግራም ግን ሲነካ ጥቂት ያስብና «ግንኙነት መፍጠር አልተቻለም» ብሎ ቁጭ ይላል። ለምን እንዳልተቻለ አንዲት ቃል አይተነፍስም።

የማሽኖቹ ኃላፊ ሕሊና አንለይ ትባላለች። የአይሲቲ መምህርት ናት፤ ላቦራቶሪውንም የምታስተዳድረው እሷው ናት። ርእሰ መምህሩ አቶ እንዳላማው ጉዳዩን ለወላጆች ሲያስረዱ እሷም ከጎናቸው ቆማ ነበር። ነገሩ ግልጽ ነው፤ ከዳግማ ትንሣኤ በኋላ ባለው ሮብ የሙከራ ፈተና ይደረጋል፣ ሙከራውን ያላለፈ ትምህርት ቤት የፈተና ጣቢያ መሆኑ ይቀራል፣ ተማሪዎቹም ደብረ ማርቆስ ሄደው ይፈተናሉ። ከወላጆቹ መካከል ወይዘሮ አሰገደች የሚባሉ እናት ተነሡ። ልጃቸው ምሥራቅ ከክፍሏ ጎበዞች አንዷ ናት።

«እኔ ማርቆስ ዘመድ የለኝም» አሉ። «ልጄን ለማላውቀው ሰው አስረክቤ አልልክም። እዚህ ከሆነ ትፈተን። እዚያ ከሆነ ግን ቤቷ ትቀመጥ፤ ቁርጡን ዛሬ እወቁት።»

አቶ እንዳላማው ወደ ሕሊና ዞር ብለው አዩ። አዳራሹም ዞረ። ከዚያች ቀን ጀምሮ የምሥራቅ ፈተና ያ ዝም የሚል ፕሮግራም ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ሕሊና የደምበጫ ልጅ ናት። አባቷ አቶ አንለይ በገበያ ቀን እህል የሚያመላልስ የፈረስ ጋሪ ነበራቸው። ፈረሱ ሲያነክስ ሌሎቹ ጋሪ ነጂዎች መጀመሪያ ጅራፍ ያነሣሉ፤ አቶ አንለይ ግን ተንበርክከው ሰኮናውን ያያሉ፣ ከዚያ ቁርጭምጭሚቱን፣ ከዚያ ጉልበቱን፣ ከዚያ ትከሻውን፣ በመጨረሻ የጋሪውን ማሰሪያ። አንዱን ሳይጨርሱ ወደ ሌላው አይሄዱም። «ከታች ያልጀመረ ሁለት ጊዜ ይደክማል» እያሉ ሲያጉረመርሙ ልጅቱ አጠገባቸው ቆማ ትሰማለች። በኋላ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ኮምፒውተር ሳይንስ ስትማር፣ መምህሩ የኔትወርክ ብልሽት ከኬብሉ ተጀምሮ ወደ ላይ ደረጃ በደረጃ እንደሚፈለግ ሲያስረዳ፣ ክፍሉ ሲያዛጋ እሷ ብቻ ፈገግ አለች።

ወደዚህ ትምህርት ቤት ስትመደብ ኮምፒውተሮቹ በቫይረስ ተበልተው ነበር። ተማሪው ፍላሹን ፎቶ ቤት ይሰካል፣ ከፎቶ ቤት አምጥቶ ላቦራቶሪ ይሰካል፤ ቫይረሱም እንደ ገበያተኛ ይመላለሳል። ሕሊና ማሽኖቹን አጥፍታ ታጸዳለች፣ ሳምንት ሳይሞላ ያው ይሆናሉ። በመጨረሻ ሰለቻትና በሙሉ ሊኑክስ የሚባል የኮምፒውተር ማስነሻ ሥርዓት ጫነችባቸው። ሊኑክስ ነጻ ነው፣ ለአሮጌ ማሽን አይከብድም፣ ከፎቶ ቤት የሚመጣው ቫይረስም አይደፍረውም። ከማሽኖቹ ጠንከር ያለውን መርጣ ሰርቨር አደረገችው፤ ማለትም መጻሕፍቱ፣ የቪዲዮ ትምህርቶቹና የተማሪዎቹ ሥራ እሱ ላይ ይቀመጣሉ፣ ሌሎቹ ከእሱ እየጠየቁ ይሠራሉ። ያኔ ኢንተርኔት አልነበረምና ሰርቨሩን ለብቻው የሚኖር ትንሽ መንግሥት አድርጋ አዋቀረችው። አድራሻ የሚያድለው እሱ ነው። ስም የሚፈታው እሱ ነው። ሰዓት የሚነግረውም እሱ ነው፤ የተማሪዎቹ ማሽኖች ሲነሡ «ስንት ሰዓት ነው?» ብለው ይጠይቁታል፣ የሚላቸውንም ያለ ክርክር ይቀበላሉ። ሰርቨሩ ራሱ ሰዓት የሚጠይቀው ሌላ ማንም ስለሌለ «የራስህን እመን» የሚል መመሪያ ጻፈችለት። ሥራው ጥሩ ነበር፤ ለዓመታት አላስቸገረም።

አንድ ጉድለት ብቻ ነበረው። ኮምፒውተር ሲጠፋ ቀኑን እንዳይረሳ የምታደርግ ክብ፣ ጠፍጣፋ፣ እንደ ሳንቲም ያለች ባትሪ ውስጡ አለች። የሰርቨሩ ባትሪ ሞታለች። ስለዚህ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ማሽኑ ገና ሊኑክስ ሳይነሣ ሰማያዊ ገጽ አውጥቶ ይገተራል፤ ቀንና ሰዓት ሙሉልኝ ይላል። ባትሪዋ ዲማ አትገኝም፤ ቀን መሙላት ደግሞ ደቂቃ አይፈጅም። ሕሊናም ሁሌ ማልዳ ስለማትደርስ ለጥበቃው አሳየቻቸው።

ጥበቃው መሪጌታ ፍቅረ ሥላሴ ናቸው። ቀን ቀን በትምህርት ቤቱ በር ይቀመጣሉ፤ በበዓላት ዋዜማ ደግሞ ዲማ ጊዮርጊስ ማኅሌት ይቆማሉ። ባሕረ ሐሳብን፣ ማለትም አጽዋማትና በዓላት የሚውሉበትን ቀን የሚያወጣውን ስሌት፣ ያለ ወረቀት ይሠሩታል። ቁልፉም እሳቸው ዘንድ ነው። ጠዋት ላቦራቶሪውን ይከፍታሉ፣ ማሽኑ ከጠየቃቸው ይሞሉለታል፣ በራቸው ላይ ተመልሰው ይቀመጣሉ።

እንግዲህ ኢንተርኔት መጣ፤ ከኢንተርኔቱ ጋር የፈተናው ፕሮግራም መጣ፤ ፕሮግራሙ እምቢ አለ። ሕሊና ከታች ጀመረች።

መጀመሪያ ኬብል። ኢንተርኔቱን ከሚያከፋፍለው ራውተር እስከ ሰርቨሩ ያለውን በአዲስ ለወጠችው። ለውጥ የለም። ቀጥሎ ስዊቹን፣ ማለትም ኬብሎቹ ሁሉ የሚገናኙባትን ሳጥን፣ አጥፍታ አበራች። ለውጥ የለም። ቀጥሎ ሰርቨሩን ከኬብሉ ጋር የሚያገናኘውን የኔትወርክ ካርድ ጠረጠረች። የሰርቨሩን ክዳን ፈታ ካርዱን ነቀለች፣ አቧራውን በብሩሽ ጠረገች፣ የተሰካበት ቦታ ላልቶ ይሆናል ብላ ከአጠገቡ ባለው ቀዳዳ ሰካችው። አበራችው። አሁን ለውጥ መጣ፤ ከነጭራሹ መስመሩ ራሱ ጠፋ።

እዚህ ላይ አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ባከነ፤ ምክንያቱን ማወቅ ግን ደስ ይላል። ሊኑክስ ለኔትወርክ ካርድ ስም የሚያወጣለት ካርዱ በተሰካበት ቦታ ነው። ተማሪን በስሙ ሳይሆን በወንበሩ ቁጥር እንደሚጠራ መምህር ቁጠሩት። ልጁ ወንበር ሲቀይር መምህሩ የድሮውን ቁጥር እየጠራ «ቀሪ» ይላል፤ ልጁ ግን ክፍሉ ውስጥ ቁጭ ብሏል። ሰርቨሩም እንዲሁ፤ የማዋቀሪያው ፋይል በድሮው ስም የተጻፈ ስለሆነ የሌለውን ካርድ ይጠብቃል፣ ያለውን አያይም። ሕሊና የካርዶቹን ዝርዝር እንዲያሳያት አዝዛ አዲሱን ስም ስታገኝ ግንባሯን በመዳፏ መታች። ፋይሉን አርማ አስነሣችው፤ መስመሩ ተመለሰ፤ ችግሩም ከነበረበት ተመለሰ።

ቢሆንም ያ ከሰዓት በኋላ ከንቱ አልሆነም። ካርዱ ደህና እንደሆነ ታወቀ። ሰኮናው ደህና ነው፣ ቁርጭምጭሚቱ ደህና ነው። ወደ ላይ ወጣች። አድራሻ? በትክክል ታድሏል። መውጫ በር? ራውተሩ ይመልሳል። ስም መፍታት? የገጹን ስም ስትሰጠው ቁጥሩን ያመጣል። ታዲያ የቀረው ምንድን ነው? የቀረው የመጨረሻው ደረጃ ነው፤ ሁለቱ ማሽኖች ተገናኝተው የሚነጋገሩት ራሱ ንግግሩ። ያን ዝምተኛ ፕሮግራም ትታ፣ ገጹን ከትእዛዝ መስመር ላይ የሚጠራና የሚሆነውን ሁሉ አንድ በአንድ የሚናዘዝ ሌላ መሣሪያ ተጠቀመች። መሣሪያውም ተናገረ፦ «የገጹ የምስክር ወረቀት ገና አልጸናም።»

ምስጢር የሚጠብቅ ገጽ ሁሉ፣ የባንክም ይሁን የፈተና፣ ከማንም ጋር ወሬ ከመጀመሩ በፊት መታወቂያውን ያሳያል። መታወቂያው ላይ የማን እንደሆነ፣ ማን እንደሰጠው፣ ከመቼ ጀምሮ እስከ መቼ እንደሚያገለግል ተጽፏል። ተቀባዩ ኮምፒውተር እንደ ጥንቁቅ ዘበኛ ያየዋል። ጊዜው ካለፈ ይመልሰዋል። ጊዜው ገና ካልደረሰም ይመልሰዋል። በዚህኛው መታወቂያ ላይ የተጻፈው መጀመሪያ ቀን የ2025 ፌብሩዋሪ ነው። ፌብሩዋሪ አልፏል፤ ትንሣኤም አልፏል። ታዲያ እንዴት ገና ይባላል?

ሰኞ ጠዋት፣ ሙከራው ሊደረግ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ አንተነህ ዘንድ ደወለች። አንተነህ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዋ ነው፤ ደብረ ማርቆስ ኮምፒውተር ይጠግናል፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ማሾፍ የማይተው ሰው ነው።

«አንተ፣ የፈተናው ገጽ መታወቂያ ተበላሽቷል» አለችው።

«እዚህ ባንድ ጊዜ ነው የሚከፈተው። እናንተ አገር ብቻ መርጦ ነው የተበላሸው?»

«አገሬን ተወው። ‹ገና አልጸናም› ይለኛል።»

«ካርድ ነቅለሻል?»

«ነቅያለሁ።»

«አውቄያለሁ! አንቺ ኮምፒውተር ስታዪ እጅሽ ይበላሻል። እሺ፣ ቀኑን አይተሻል? እንዲህ ሲል አብዛኛውን ጊዜ ቀን ነው።»

ሕሊና ስክሪኑን አየች። የሰርቨሩን ቀን በቁጥር ብቻ እንዲጽፍ ስላደረገችው የሚታየው ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ ሰዓት ነው፦ 2017፣ 08፣ 20፣ 3፡12። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ካላንደር አየች፤ ሚያዝያ 20 ቀን 2017። ሚያዝያ ስምንተኛ ወር ነው። የእጇን ሰዓት አየች፤ ሦስት ሰዓት ከአሥራ ሁለት።

«ቀኑ ልክ ነው። ደቂቃው ሳይቀር ከእጄ ሰዓት ጋር አንድ ነው።»

«2017?»

«2017።»

«ሰዓቱስ?»

«ሦስት ሰዓት ካሥራ ሁለት።»

አንተነህ የራሱን ሰዓት አየ መሰል። «የኔም እንደዚያ ነው። በቃ ቀን አይደለም። አጥፊውና እንደ አዲስ ጫኚው።»

ሌላ ምክር ስላልነበረ ይህንኑ ወሰነች። መጻሕፍቱንና የተማሪዎቹን ሥራ ወደ ሌላ ዲስክ ገለበጠች፤ ማክሰኞን ሙሉ ስትጭን ትውላለች፣ ሮብ እግዜር ያለው ይሆናል። በሩን ስትወጣ ምሥራቅን አገኘቻት። ልጅቱ ምንም አልጠየቀችም። «ደህና ዋሉ መምህርት» ብላ አለፈች፤ ይህም ከጥያቄ የባሰ ነበር።

ማክሰኞ ሕሊና ማልዳ መጣች። ሌሊት መብራት ሄዶ ንጋት ላይ ተመልሶ ነበር። ላቦራቶሪው ተከፍቷል። መሪጌታ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ሰርቨሩ ፊት ተቀምጠው፣ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ ገፍተው፣ በአንድ ጣት ቁጥር ይነካሉ። ሰማያዊው ገጽ ወጥቷል።

«እንዴት አደሩ መሪጌታ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እንዴት አደርሽ ልጄ? ዛሬስ ዶሮውንም ቀደምሽው!»

«ጨንቆኝ ነው። ይተዉት፣ እኔ እሞላዋለሁ፤ ለነገሩ ላጠፋው ነው።»

«እንዴ፣ ምን በደለሽ? ጨርሻለሁ እኮ። ስምንት፣ ሃያ አንድ፣ ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት። ሰዓቱ አንድ ተኩል።» ጣታቸውን ከቁልፉ ላይ አነሡ። «ደግ ማሽን ነው፤ ባታጠፊው ጥሩ ነበር። ጥቅምትን ብቻ ነው የሚጠላው።»

«ምን አደረገው ጥቅምት?»

«እኔ ምኑን አውቃለሁ! ጥቅምት ሃያ ዘጠኝን እምቢ አለኝ። ብጽፍ ይመልስብኛል፣ ብጽፍ ይመልስብኛል። ሠላሳንም እንዲሁ። ኋላ ሃያ ስምንትን ደገምኩለትና ተቀበለ። ጳጉሜን ላይማ አታንሺው! አሥራ ሦስተኛ ወር ብዬ ብጽፍ ከአሥራ ሁለት አላልፍም አለ። ጳጉሜን እስኪያልቅ ነሐሴ ሠላሳን እየደጋገምኩ አሳለፍኩት። ማሽኑን የሠራው ፈረንጅ ነውና ጳጉሜንን አይወቃት። ጥቅምት ግን ምን አደረገው?»

ሕሊና ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ቆመች። ሁለተኛው ወር። ሃያ ስምንት ቀን ያለው ሁለተኛ ወር።

«መሪጌታ፣ እርስዎ የሚሞሉት የኛን ቀን ነው?»

«የማንን ልሙላ ልጄ?»

ስታስተምራቸው ያለችው ትዝ አላት፦ «ቀኑንና ሰዓቱን ይሙሉና ይህን ቁልፍ ይጫኑ።» የትኛውን ቀን እንደሆነ አልነገረቻቸውም። ሊነገር የሚገባው ነገር መሆኑም አልመጣላትም። ዲማ ውስጥ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው የተባለ ሰው «በማን አቆጣጠር?» ብሎ አይመልስም። ያውም ቀን ማውጣት ሙያቸው የሆነ ሰው።

ማሽኑ ግን የሚያውቀው አንድ አቆጣጠር ብቻ ነው። ሁለተኛ ወር የተባለው ጥቅምት በሃያ ስምንት የሚያልቅ ፌብሩዋሪ ሆኖበት ነበር። ስምንት፣ ሃያ አንድ፣ 2017 ሲባል ኦገስት 21 ቀን 2017 ብሎ ይይዛል፤ ማለትም ከእውነተኛው ቀን ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ወደ ኋላ። አንድ ሰዓት ተኩል ሲባል ደግሞ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለውን አንድ ተኩል ብሎ ይይዛል። እዚያ ተቀምጦ ሲያየው በ2025 የተሰጠ መታወቂያ ገና ያልተሰጠ መታወቂያ ነው። እምቢ ማለቱ ስሕተት አልነበረም፤ ሥራውን በትክክል ሠርቷል። ተራዎቹ ገጾች የተከፈቱትም መታወቂያ ስለማያሳዩ ነው፤ ቀን የሚጠይቃቸው የለም።

ከሁሉ የሚገርመው ግን ይህ ሁሉ ሲሆን ቁጥሩ ከዓይን አልተሰወረም። ሕሊና ስንት ጊዜ አይታዋለች። ጭንቅላቷ ውስጥ ሁለቱም ዓመቶች አብረው ይኖራሉ፤ የትምህርት ቤቱ 2017 ነው፣ የገጹ 2025 ነው፣ ሁለቱም ዘንድሮ ናቸው። በየትኛውም ላይ ዓይኗ ቢያርፍ «ዘንድሮ» ብሎ ያልፋል። አንተነህም እንደዚያው። ሌላ አገር ያለ ሰው ቢሆን ገና በመጀመሪያው ቀን ነበር የሚነቃው።

መሬቱ ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። ዓይኗ እንባ እስኪያወጣ ሳቀች።

«ሳቂ እንግዲህ» አሉ መሪጌታ ቅር ብሏቸው። «ቀን ብለሽ ጠየቅሽኝ፣ ቀን ሞላሁ። ተሳስቼ እንደሆነ ካላንደሩ ይኸውልሽ።»

«ቀኑስ ልክ ነው መሪጌታ። ማሽኑ ነው የኛን የማያውቀው። ስሕተቱ የኔ ነው፤ አልነገርኩዎትም።»

«አልነገርሽኝማ! እኔማ የነሱንም አውቀዋለሁ። መስከረም አንድ በነሱ መስከረም አሥራ አንድ ነው፤ በዘመነ ዮሐንስ መባቻ ደግሞ አሥራ ሁለት። ብትጠይቂኝ ኖሮ በነሱ እሞላልሽ ነበር።»

ይህን ሲሉ ሕሊና መሳቋን አቆመች።

ኪቦርዱን ወደ ራሷ ስባ አራት፣ ሃያ ዘጠኝ፣ 2025 ብላ ሞላች። ሰዓቱን ሰባት ከአርባ አደረገችው። መሪጌታ ከትከሻዋ በላይ ያያሉ።

«አራት? ታኅሣሥ አደረግሽው እኮ!»

«የነሱ አራተኛ ነው።»

«ሰባት ሰዓት ደግሞ የምሳ ሰዓት ነው። እንደው ምን ዓይነት ኑሮ ነው!»

ሰርቨሩ ተነሣ። የተማሪዎቹ ማሽኖች ግን ንጋት ላይ መብራት ሲመጣ ራሳቸው ተነሥተው የድሮውን ሰዓት ይዘው ነበር፤ አዲሱን ሰዓት ሊቀበሉም አልፈለጉም። ይህም ደግሞ አንድ ጥበብ ነው። ሊኑክስ ሰዓት ሲያስተካክል በሰከንድና በደቂቃ ነው የሚያስተካክለው፤ ድንገት ሰባት ዓመት ዝለል የሚለው ሲመጣ ነጋሪውን ይጠረጥራል እንጂ አይዘልም። ሕሊና አንድ በአንድ እያጠፋች አስነሣቻቸው። ገና ሲነሡ ሰርቨሩ የሚላቸውን ያለ ክርክር ይቀበላሉ። የመጀመሪያው ማሽን ላይ የፈተናውን ፕሮግራም ከፈተች። ጥቂት አሰበ። ያቺን የለመደችውን ዓረፍተ ነገር ስትጠብቅ፣ የተማሪ መለያ ቁጥር የሚሞላበት ነጭ ሳጥን መጣ።

ተማሪዎቹ ሲገቡ ጩኸቱ ሌላ ነበር።

«መምህርት፣ ሰዓቱ ተበላሽቷል!»

«ኮምፒውተሩ ፈረንጅ ሆነ!»

«ትናንት ልክ ነበር እኮ፣ ማነው የነካካው?»

ለካስ ላቦራቶሪው የኛን ሰዓት የሚያውቅ ኮምፒውተር አለው እያሉ በሌሎች ትምህርት ቤቶች ልጆች ላይ ይኮሩበት ነበር። ለአስተማሪዋ ግን የነገራት አልነበረም፤ ታውቃለች ብለው ነው።

የሮቡ ሙከራ ያለ ብዙ ወሬ አለፈ። አንድ ማውዝ እምቢ አለ፣ ተለወጠ። ከፈተናው መሥሪያ ቤት የመጡት ተቆጣጣሪ በየማሽኑ እየዞሩ አዩ፣ ማሽኖቹን የገጠማቸውን ችግር ሁሉ ጠየቁ፣ ሊወጡ ሲሉ አንድ ጥያቄ ጨመሩ። «በፈተናው ቀን መብራት ሄዶ ቢመጣስ? ማሽኖቹ ራሳቸው ተነሥተው ልጁን ካቋረጠበት ያስቀጥሉታል?»

ሕሊና እውነቱን ተናገረች። «ሌሎቹ አዎ። ሰርቨሩ ቀን የሚሞላለት ሰው ይፈልጋል።»

«እንግዲያው እሱን አስተካክሉ። ፈተናው ከመድረሱ በፊት መጥቼ መብራቱን እኔ ራሴ አጠፋለሁ። ከተነሣ ጣቢያው ይጸናል።»

ወይዘሮ አሰገደች በሩ ላይ ይጠብቁ ነበር። «እንግዲህ እዚህ ናት?» አሉ።

«እዚህ ናት፤ መብራቱ ከፈቀደ።»

«መብራቱን ማን ያዘዋል!» አሉና ነጠላቸውን አጣፍተው ሄዱ። አልተከፉም፤ ግን አላመኑም።

አሁን ግንቦት ነው። አንተነህ ባትሪዎቹን በሚኒባስ ሾፌር ላከላት፤ «ቀኑ 2017 ነው ያልኩት እኔ መሆኔን ለማንም እንዳትነግሪ» የሚል መልእክት አስከትሎ። የመጀመሪያዋ ባትሪ ጥቂት ሰነበተችና ሞተች። ሱቅ መደርደሪያ ላይ ብዙ የቆየች ሳትሆን አትቀርም። ሁለተኛዋ እስከ ዛሬ አለች፤ ሕሊና ግን አታምናትም። ሰርቨሩ ቀኑን ከኢንተርኔት እንዲጠይቅም አድርጋለች። ይኸም ብቻውን አይበቃም። መብራት ሲሄድ ኢንተርኔቱን የሚያመጣው የስልክ አንቴናም አብሮ ይሄዳል፣ ሲመጣ ደግሞ ከማሽኑ ዘግይቶ ይነሣል። ማሽኑ ቀድሞ ነቅቶ የሚጠይቀው ሰው ያጣል። ስለዚህ ሦስተኛ መንገድ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው መንገድ እሷ የምትጽፈው ትንሽ ፕሮግራም ነው። በመጀመሪያ ማሽኑ ሰማያዊው ገጽ ላይ እንዳይገተር አደረገችው፤ ባያውቅም ዝም ብሎ ይነሣ። ሲነሣ ፕሮግራሟ ማሽኑ ከመጥፋቱ በፊት ዲስኩ ላይ በመጨረሻ የጻፈውን ሰዓት ያያል፣ ከዚያ ወዲህ ጥቂት ጊዜ እንዳለፈ ቆጥሮ ከዚያ ይጀምራል። ፍጹም ትክክል አይሆንም፤ ግን ለመታወቂያው የሚበቃ ቅርብ ነው። ኢንተርኔቱ ሲመጣ ያርመዋል። ዲስኩ ላይ ምንም ካላገኘ ብቻ ሰውን ይጠይቃል፤ በአማርኛ፣ «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» ብሎ። መልሱን በኛ ቀን ተቀብሎ ወደ ፈረንጁ የሚመልሰው ራሱ ነው።

መመለሱን ያስተማሯት መሪጌታ ናቸው። ከበሩ ወንበራቸውን ይዘው ገብተው ይቀመጣሉ። «አምስት ሺህ አምስት መቶ ላይ ዓመተ ምሕረቱን ደምሪ። ለአራት አካፍይ። አንድ ከቀረሽ ማቴዎስ፣ ሁለት ማርቆስ፣ ሦስት ሉቃስ፣ ምንም ካልቀረሽ ዮሐንስ። ሉቃስ ሲሆን ጳጉሜን ስድስት ትሆናለች። ይኸው ነው፤ ምን አስጨነቀሽ?» የቀን ልዩነቱ በዘመነ ዮሐንስ ከመስከረም እስከ የካቲት አንድ ቀን እንደሚጨምር ያገኘችው ግን እሷ ናት፤ ፕሮግራሟ በእነዚያ ወራት አንድ ቀን እየሳተ ሲያስቸግራት ቁጭ ብላ ቆጥራ። ስትነግራቸው «ይኼንንስ መቼም ልብ ብዬው አላውቅ» አሉ፤ ከዚያ ለራሳቸው በጣታቸው ቆጠሩትና ራሳቸውን ነቀነቁ።

ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ተማሪ የለም። ሕሊና ዲስኩ ላይ የተጻፈውን ሰዓት ሆን ብላ አጥፍታ፣ የኢንተርኔቱን ኬብልና የሰርቨሩን የመብራት ገመድ ነቀለች፤ ባትሪዋንም አውጥታ የመብራቱን ገመድ ብቻ መልሳ ሰካችው። ጥያቄው መጣ። መሪጌታን የምታስቀምጣቸው ፕሮግራሙን እንዲያታልሉላት ነው፤ ሊኖር የማይችለውን ቀን ሁሉ ፈልገው እንዲሞሉ።

ጳጉሜን ሰባት ሞሉ። «እንዲህ ያለ ቀን የለም» አለ። መስከረም ሠላሳ አንድ ሞሉ። «እንዲህ ያለ ቀን የለም» አለ። መሪጌታ ተደሰቱ፤ ጥቅምት ሠላሳን ሞሉ፣ ተቀበለ። ሕሊና ጥያቄውን መልሳ አመጣችላቸው። ከዚያ ጢማቸውን እየዳሰሱ አሰቡና ጳጉሜን ስድስት 2017 ብለው ሞሉ።

ተቀበለ።

«ዘንድሮ ማቴዎስ ነው» አሉ ወደ እሷ ዞረው። «ጳጉሜን ስድስት ከየት አመጣ?»

ሕሊና ወንበሯን ወደ ኪቦርዱ ሳበችና ፋይሉን ከፈተች። ሉቃስን የምትፈትነው መስመር ላይ ደርሳ ከላይ ወደ ታች እያነበበች ነው።